አለቃ ኃይለመለኮት በልደታ የጣሊያንን መርከብ እንዳሰጠሙ

ዓለም ከተፈጠረ በሰባት ሺህ አራት መቶ ሠላሳ አንደኛው ዓመት፥ በዘመነ ሉቃስ ወንጌላዊ፥ ጃንሆይ በባሕር ማዶ፥ አርበኛው በዱር፥ ጣሊያንም በከተማችን ላይ ተቀምጠው ሳሉ፥ በልደታ ደግሞ እመቤት ሠርካዲስ በባላቸው በአለቃ ኃይለመለኮት ቤት ላይ ነግሠው፥ ጨውም በርበሬም ቁልፍም ከእጃቸው ብቻ በሚወጣበት ዘመነ መንግሥት፥ ይህ ታላቅ ነገር ሆነ። ስሙት፥ ለልጆቻችሁም ንገሩ፤ አናምንም ካላችሁ ደግሞ እንደ ፍጥርጥራችሁ።

ሞዓ ትኋን ዘእምነገደ ልደታ፥ ኃይለመለኮት፥ ሥዩመ ሠርካዲስ፥ ሰዓሌ ሥዕላት፥ ቁመታቸው መካከለኛ፥ ጢማቸው ሰፊ፥ አፋቸው ከጢማቸው የሰፋ ሰው ነበሩ። ብሩሻቸውን ከፍየል ጠጉር፥ ቀለማቸውን ከአፈርና ከቅጠል እያዘጋጁ በየደብሩ ቅዱሳንን ሲሥሉ ኖረዋል፤ እጃቸው መልካም እንደ ነበረ ጠላትም አይክደውም። ነገር ግን ሥዕል ብቻ የሚበቃቸው ሰው አልነበሩምና፥ ያልሄዱበትን ሄድሁ፥ ያላዩትን አየሁ ማለት ይወዱ ነበር። አንድ ጊዜ በባቡር እስከ አዋሽ ወርደው፥ ወንዙን ከድልድዩ ላይ ቁልቁል አይተው ተመለሱ፤ ከዚያች ቀን ወዲህ በልደታ ባሕርን ያየ ሰው ሲጠራ መጀመሪያ የሚነሣው የእርሳቸው ስም ሆነ፥ የሚያነሡትም ራሳቸው ነበሩ።

ይህን የምጽፈው እኔ የልደታ ማርያም ደብተራ ወልደገብርኤል ነኝ። ከባለቤቴ ከወለተሥላሴና ከልጆቼ ጋር የምኖርበት ቤት ከአለቃ ቤት ፊት ለፊት ነው፤ በመካከላችን ሁለት አህያ ጎን ለጎን የማታሳልፍ አንዲት ቀጭን መንገድ ብቻ ነበረች። ስለዚህ የምጽፈው ያየሁትን ነው፤ ያላየሁትንም በአጥር በኩል ሰምቼዋለሁ።

ወኮነ በወርኃ ኅዳር፥ ከዕለታት ባንዱ ማለዳ፥ አለቃ ፊታቸውን ሊታጠቡ ወደ ደጅ ቢወጡ፥ በቤታቸው ግድግዳ ላይ በነጭ ኖራ የተሣለ ትልቅ መስቀል አዩ። መስቀሉ ጋደል ያለ ነበረ፤ መስቀል ግን መስቀል ነውና ወድቀው ተሳለሙት፥ ጢማቸውም በኖራ ነጣ። መልአክ መጥቶ ቤታችንን ባርኮ ሄደ ብለው አዋጅ ነገሩ፤ ጎረቤቱም ሁሉ ነጠላውን እያጣፋ ወጥቶ በየተራ ተሳለመ።

ይህ ሲሆን ቱርጁማኑ ዱጉማ ደረሰ። ዱጉማ ማለት ለጣሊያኖቹ ቋንቋ የሚያስተረጉም፥ ባርኔጣው ከእነሱ፥ ጫማው ከእኛ የሆነ ሰው ነው፤ ክፉ አልነበረም፥ ደግ ለመሆንም ጊዜው አልፈቀደለትም። እርሱም በመንገዱ መካከል ቆሞ እንዲህ ሲል አዋጅ ነገረ። «የዚህ ሰፈር ሰዎች፥ የምትስሙት መስቀል አይደለም! የመንገዱ ሹም ካፒታኖ ሩጄሮ ከላይ እስከ ታች ቀጥ ያለ ጎዳና ያወጣል። ኖራ የነካው ቤት ከጥምቀት በኋላ ይፈርሳል። ነግሬያለሁ፤ ኋላ አልሰማሁም ብሎ ነገር የለም።»

ያን ጊዜ እመቤት ሠርካዲስ ማማሰያቸውን እንደ ያዙ ከቤት ወጡ፤ ድምፃቸውም እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ተሰማ። «እኔም ልናገር! ይህን ቤት አባቴ ጭቃውን በገዛ እግሩ እየረገጠ ነው ያቆመው። እኔ የተወለድሁት እዚህ፥ እናቴ የሞተችው እዚህ፥ ልጆቼን ያጠባሁት እዚህ ነው። ከዚህ ቤት የምወጣው በቃሬዛ ነው! አንተ ደግሞ፥ ባሕር አየሁ ባዩ፥ ጢምህን ጥረግና አንድ ነገር አድርግ!» አለቃም ጢማቸውን ጠረጉ። ለጣሊያን እምቢ ብሎ ፊት ለፊት የሚናገር አፍ ከየካቲቱ እልቂት ወዲህ በሰፈራችን አልቀረም ነበር፤ የነበረው አፈር ለብሷል። ስለዚህ ሁላችን አቀርቅረን ቆምን፥ ዱጉማም ጭምር።

አሁን ስለ ካፒታኖ ሩጄሮ ልንገራችሁ። ይህ ሰው በአገሩ የባሕር ዳርቻ ልጅ ሆኖ ሳለ ተራራ ላይ መንገድ እንዲጠርግ የተላከ ነበረ፤ ናፍቆቱንም የሚወጣው በጨዋታ ነበር። ሰማያዊ ቀለም የተቀባ ሰፊ ጠረጴዛ ያቆማል፤ በላዩም የጥንቱን ዘመን የጦር መርከቦች፥ በሸራና በነፋስ የሚሄዱትን፥ ከእንጨት ተቀርጸው ስንዝር ስንዝር የሚያህሉትን ያሰልፋል። አንዱ ወገን የጣሊያኑ ወደብ ጄኖቫ ይሆናል፥ አንዱ ወገን ቱርክ። ተራው የደረሰው መርከቡን ይገፋል፤ ከዚያም ወደ ጠላት በዞረው ጎን ላይ ስንት የመድፍ መስኮት እንዳለ አይቶ፥ በዚያው ልክ ስድስት ፊት ያላቸውን የአጥንት ጠጠሮች ይወረውራል፤ ጠጠሩ ከቀናው የጠላት መርከብ ይሰጥማል። ትልልቅ ሰዎች፥ ጢም ያወጡ፥ አገር የያዙ ሰዎች፥ ቀኑን ሙሉ ይህን ሲጫወቱ ይውላሉ አሉ። እኛ ገበጣ ስንጫወት ሰነፎች ይሉን ነበር።

ካፒታኖውም መርከቦቹን በሣጥን አሽጎ ከአገሩ ሲያስመጣ፥ የጫናቸው ካሚዮን ከምጽዋ ሲወጣ ገደል ገባ። ሾፌሩ ዳነ፥ መርከቦቹ ፍልጥ ሆኑ። ጠረጴዛው ባዶውን ቀረ፥ የካፒታኖው የበላይ የሆነው ኮሎኔል ደግሞ በጥምቀት ሰሞን እመጣለሁ፥ እንጫወታለን ብሎ ልኮበት ነበር። ስለዚህ ካፒታኖው መርከብ የሚያውቅ ሐበሻ ፈልጉልኝ ብሎ ዱጉማን አዘዘው፤ ዱጉማም ይህን ወሬ በእመቤት ሠርካዲስ ደጃፍ ላይ፥ ውኃ እየጠጣ፥ እንደ ዋዛ አወራው።

አለቃ ኃይለመለኮትም እንደ ነብር ተነሥተው አዋጅ ነገሩ። «መርከብ ነው ያልኸው? ባሕርን እንደ እጄ መዳፍ የማውቅ፥ ማዕበሉን በዓይኔ አይቼ የተመለስሁ፥ እንጨት በእጄ የሚታዘዝልኝ እኔ ኃይለመለኮት እያለሁ ሌላ ሰው ይፈለጋል? ሂድና ለጌታህ ተገኘ በለው!» እመቤት ሠርካዲስ ይህን አዋጅ ሰምተው ቀና ብለው ሰማዩን አዩ።

በማግስቱ አለቃ ከካፒታኖው ፊት ቀረቡ፥ እኔም ተከትያቸው ሄድሁ። ካፒታኖው በጣሊያንኛ አዋጁን ነገረ፥ ዱጉማም በአማርኛ መለሰው። «የሁለቱንም ወገን መርከቦች ትሠራልኛለህ። የእኔን የጄኖቫውን በዚህ ንድፍ ላይ እንዳለው ሥራ። የቱርኩ ንድፍ ጠፍቷልና አንተው መርምረህ ድረስበት። ኮሎኔሉ ተጫውቶ ከተደሰተ መንገዱ ከቤትህ ላይ ዞር ይላል። ካልተደሰተ ቀጥ ብሎ ይሄዳል።» ይህን ብሎ አንድ ትልቅ ያረጀ ወረቀት ሰጣቸው። አለቃም ወረቀቱን በሁለት እጃቸው ተቀብለው፥ ጀርባቸውን ሳይሰጡ ወደ ኋላ እየሄዱ ወጡ፤ በደጁ ደረጃም ላይ ወደቁ፥ ወረቀቱን ግን አልለቀቁም።

ወእምዝ የመርከብ ፍለጋው ዘመቻ ተጀመረ። መጀመሪያ የዘመቱት ወደ ቤተ ክርስቲያን ነው። በዚያ በአንደኛው ግድግዳ ላይ የአለቃ መምህር የሣሏት የኖኅ መርከብ አለች፤ ጣሪያ ያላት፥ ሰፊ፥ በአራቱም ጎን መስኮት የተከፈተላት፥ በየመስኮቱም እንስሳው ሁሉ ራሱን ያወጣባት ናት። አለቃ ከፊቷ ለረጅም ጊዜ ቆመው፥ በክንዳቸውም በስንዝራቸውም ለክተው ሲያበቁ እንዲህ አሉ። «በመጽሐፍ ከዚህች የምትበልጥ መርከብ የለችም። ዓለም በሙሉ ሲሰጥም እሷ ብቻ ተረፈች። እንግዲህ የቱርኩ መርከብ በዚህች አምሳል ይሁን፤ ዝሆኑ ራሱን ባወጣበት መስኮት መድፍ ይውጣበት።» በእርግጥ ቱርክና ኖኅ ምን እንደሚያገናኛቸው እኔ አላውቅም፤ ቢሆንም በዘመቻ ላይ ጠያቂ አይወደድም ብዬ ተውሁት።

ሁለተኛው ዘመቻ ወደ አብነት ሰፈር ሆነ፥ ወደ ሀሚዳ ሱቅ። ሀሚዳ ባሏ ሐጂ የነበረ፥ በሸራ ጀልባ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ መካ ደርሶ የመጣ፥ ኋላ የሞተባት ባለሱቅ ናት። አለቃ ስለ ባሕር መርከብ ምስክርነቷን ቢጠይቁ፥ ሚዛኗን አስቀምጣ ተናገረች። «ባሌን አላህ ይዘንለትና፥ ሲሄድም ሲመለስም ያየው ነገር ቢኖር የገዛ ትውከቱን ነው። ባሕር እንዴት ነው ሲሉት እጁን ወደ አፉ ያደርግ ነበር፤ ሌላ አልነገረኝም። አለቃ፥ እርስዎ አይቼዋለሁ ሲሉ የምሰማው ታዲያ የትኛውን ነው? ይልቅ ለሸራ አቡጀዲ ይውሰዱ፥ ጥሩ መጥቶልኛል።» አለቃ ይህን ጥያቄ ሳይሰሙት አለፉ። ከመደርደሪያው ላይ ግን አንድ ነገር አዩ፤ የሰርዲን ቆርቆሮ ነበረች፥ በክዳኗም ላይ ሦስት ምሰሶ ያላት ባለሸራ መርከብ ተሥላ ነበር፥ ከሥሯም ዓሣ ይስቃል። አለቃ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ ከየት ይገኛል ብለው ቆርቆሮዋን ገዙ። ጾመ ነቢያት ገብቶ ነበርና ዓሣውን ሀሚዳ በላችልን፤ እኛ ቆርቆሮውን ይዘን ወጣን።

ሦስተኛው ዘመቻ ከቤት ሳይወጡ የተደረገ ሲሆን፥ ከሁሉ የከበደው ይኸው ነበር። የካፒታኖው ወረቀት በመደብ ላይ ተዘረጋ፥ በየማዕዘኑም ድንጋይ ተጫነበት። ሦስት ሥዕል ነበረው። በመጀመሪያው መርከቡ በጎኑ ቆሟል፤ ከአፍንጫው አጠገብ ገመድ የሚወጣበት አንድ ክብ ቀዳዳ ይታያል። በሁለተኛው ከመካከሉ የተሰነጠቀ ቀይ ሽንኩርት የመሰለ ነገር አለ። ሦስተኛው መርከቡን ከላይ የሚያሳይ ነው ተባለ፤ ነገር ግን መካከሉ ላይ እንደተቀደደ የኮባ ቅጠል ግማሹ ብቻ ነበር። አለቃ አዩት፥ አዙረውም አዩት፥ በመጨረሻም ትርጓሜ የተማረ ሰው ይፈልጋል ብለው እኔን ጠሩኝ።

እኔም መምህሮቼ መጽሐፍ እንዳስተማሩኝ አድርጌ ወረቀቱን ተረጎምሁት። ስለ ምን በጎኑ ሣለው ቢሉ፥ ፊቱን ማሳየት ቢያፍር። አንድም ሊሄድ ተነሥቶ ሳለ ቢያገኘው። ስለ ምን ግማሹን ብቻ ሣለ ቢሉ፥ ወረቀት ቢያንሰው። አንድም ሌላው ግማሽ ውኃ ውስጥ ቢሆንበት። አንድም፥ የሚሻለውም ይህ ነው፥ ምሥጢሩን ከጠላት ሊሰውር ቢወድ። ይህን ስጨርስ ምርቃት የሚከተል መስሎኝ ነበር።

አለቃ ግን ሣቁ፤ ከሣቁም በኋላ ተነሥተው ይህን ከአዋጆች ሁሉ የሚበልጠውን አዋጅ አወጁ። «ደብተራ፥ ይህ የሥዕል ነገር ነውና ለእኔ ተውልኝ። ጻድቅ ሲሣል ሙሉ ፊቱን፥ ሁለት ዓይኑን ይዞ ነው። ሰይጣን፥ ይሁዳ፥ ሰማዕታትን የሚገርፈው ወታደር ግን በጎኑ፥ ባንድ ዓይኑ ነው የሚሣለው። ይህን የማያውቅ ሰዓሊ ሰዓሊ አይደለም። እስቲ ተመልከቱ፤ መርከቡ የቆመው በጎኑ ነው፤ ዓይኑም ይኸው፥ አንድ ነው! የሣለው ሰው የሚሥለውን ያውቅ ነበር። ይህ መርከብ ክፉ ነው፥ እኔም እንደ ክፉነቱ እሠራዋለሁ።» ሥራውን ሊያይ መጥቶ የነበረው ዱጉማ፥ ያ የካፒታኖው የገዛ ወገኑ መርከብ መሆኑን ቢያስታውሳቸው፥ አለቃ እኔ ምን ላድርግ፥ ወረቀቱ የሚለው ይህንን ነው አሉ። ዱጉማ ወረቀቱን አየ፥ ቀጥሎ ሰው እንዳልሰማ ደጁን አየ፥ ይህንም ለካፒታኖው ሳይነግር ቀረ። ስለ ምን እንደ ሸሸገው ያን ጊዜ አልገባኝም ነበር።

ሥራውም ተጀመረ። አለቃ የዋንዛ እንጨት አስመጥተው በመሮና በሞረድ የጄኖቫን መርከቦች ቀረጹ፤ ባንድ ጎናቸው ሆዳቸውን አሾሉ፥ የመድፍ መስኮቶቻቸውን በረድፍ ከፈቱ፥ አንድ አንድ ዓይን ሣሉላቸው፤ ሌላውን ጎናቸውን ግን በመላጊያ ልገው እንደ መዝጊያ ለጥ አደረጉት። እመቤት ሠርካዲስ ይህን ባዩ ጊዜ ቀሚሳቸውን ሰብስበው ተናገሩ። «እኔ መርከብ አላውቅም፤ አንድ ጎን ብቻ ያለው ዕቃ ግን በዕድሜዬ አላየሁም። እንስራ እንኳ ጀርባ አለው! የአባቴን ቤት በግማሽ እንጨት ልታስበላኝ ነው?» አለቃም ለክፉ ሁለተኛ ጎን መስጠት ኃጢአት ነው ብለው መለሱ፤ የዚያን ቀን ምሳ አልቀረበላቸውም።

የቱርኮቹ መርከቦች በኖኅ መርከብ አምሳል ሲሠሩ በአራቱም ጎን መስኮት ተከፈተላቸው፥ በየመስኮቱም መድፍ ወጣ፥ በግንባራቸውም ሁለት ሁለት የሚያማምሩ ዓይኖች ተሣሉላቸው፥ ቅንድብም ተጨመረ። ሸራው ከሀሚዳ አቡጀዲ ተቀደደ፥ አሰፋፉም እንደ ሰርዲኑ ቆርቆሮ ሆነ። የመርከቦቹ ገመድ ምን ይሁን ሲባል ደግሞ አለቃ ወደ እኔ ቤት መጥተው የበገናዬን ጅማቶች በሙሉ ፈትተው ወሰዱ፤ ስለ አገር ነው አሉኝ። ስለ የትኛው አገር እንደ ሆነ አልነገሩኝም። ጾሙን በሙሉ ያለ በገና ዋልሁ፥ እስከ ዛሬም ያን ነገር ሳስበው ደሜ ይፈላል።

ጥምቀት አለፈ። በቃና ዘገሊላ ማግስትም ኮሎኔሉ መጣ ተብሎ አለቃ ዘመቱ። የሰልፉም ሥርዓት እንዲህ ነበር። በፊት ቱርጁማኑ ዱጉማ፥ ባርኔጣውን ደፍቶ፤ ቀጥሎ አለቃ ኃይለመለኮት፥ የተዋሱትን ካባ ደርበው፤ ከእሳቸው ኋላ ሁለት ብርቱ ተሸካሚዎች፥ መርከቦቹን በሣንቃ ላይ አድርገው፥ በነጭ ነጠላ ሸፍነው፤ በስተቀኝ እኔ ፀሐይ ቀለሙን እንዳይሰነጥቀው ጃንጥላ ዘርግቼ፤ በስተግራ እንዳለች የምትባለው የእመቤት ሠርካዲስ እህት፥ የሙጫውን ማሰሮ ይዛ፤ በመጨረሻም ሙጫው የሸተተው የሰፈር ፍየል፥ ማንም ሳይጠራው። የበዓሉ ሰሞን ነበርና በነጭ የተሸፈነ ነገር በጃንጥላ ሥር ሲያልፍ ያዩ ሴቶች ታቦት መስሏቸው እልል አሉ፤ አንድ ሽማግሌም ወድቀው ሰገዱ። አለቃ ሊያርሟቸው ይገባ ነበር፤ እሳቸው ግን እጃቸውን አንሥተው ባረኩ።

ለጣሊያኖች በተከለለው ሰፈር ሐበሻ በፊት በር አይገባምና በኩሽናው በኩል ገባን። አለቃ መርከቦቹን በሰማያዊው ጠረጴዛ ላይ በገዛ እጃቸው ደረደሩ፤ የጄኖቫዎቹን ያማረ ጎናቸውን ወደ በሩ አዞሩት። ቀለሙ ገና አልደረቀምና ጨዋታው እስኪጀመር እጅ እንዳይነካው ብለውም በዱጉማ አፍ አስነገሩ። ካፒታኖው በበሩ ገብቶ መርከቦቹን ባየ ጊዜ ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ የአገሩን ወደብ ያየ መሰለው። ለጥቂት ጊዜ አዘንሁለት። ኋላ የኖራው ነገር ትዝ አለኝና ተውሁት።

ኮሎኔሉ ወፍራም፥ ቶሎ የሚቆጣ፥ ቶሎ የሚሥቅ ሰው ነበር። ካፒታኖው ጄኖቫን ያዘ፥ ኮሎኔሉ ቱርክን ያዘ፥ እኛ ከኩሽናው በር ቆመን አየን። መጀመሪያ ጄኖቫ በጎኑ ቆሞ ተኮሰ፥ ጠጠሮቹ ተወረወሩ፥ አንዲት የኖኅ መርከብ ሰጥማ ከጠረጴዛው ተነሣች። አለቃ አንገታቸውን ደፉ። ያን ጊዜ ኮሎኔሉ ጥርሱን ነክሶ ከቀሩት መርከቦች አንዷን በጄኖቫው ትልቅ መርከብ በስተኋላ አዙሮ በሌላው ጎኑ አስጠጋት፥ ተኮሰም። ካፒታኖው ሊመልስ መርከቡ ጎን ላይ ያሉትን መድፎች ለመቁጠር ጎንበስ አለ። መድፍ አልነበረም። መስኮትም አልነበረም። ለጥ ያለ ዋንዛ ብቻ ነበር። ሁለተኛውን መርከብ አነሣ፥ ሦስተኛውንም አነሣ፤ ሁሉም እንደዚያው ነበሩ፥ ፊቱም እንደ ኖራ ነጣ።

ኮሎኔሉ ሕግ ሕግ ነው አለ፤ መስኮት ከሌለ ጠጠር የለም። የኖኅ መርከቦች ግን ከየትም ቢዞሩ መድፍ አላቸውና፥ ጄኖቫን ከኋላ ከኋላው እየዞሩ አንድ በአንድ አሰጠሙት፥ ጄኖቫም ከዚያ ወዲያ አንድ ጠጠር ሳይወረውር አለቀ። ኮሎኔሉ ቀበቶውን ፈትቶ እስኪንፈራፈር ሣቀ። ከዚህ በፊት በአገራቸው ሲጫወቱ በካፒታኖው ተሸንፎ እንጂ አሸንፎ አያውቅም ነበር አሉ።

ካፒታኖው ግን ሽጉጡ ላይ እጁን አድርጎ አለቃን አስጠራና ይህ ምንድር ነው ብሎ ጮኸ። ኃይለመለኮትም፥ እውነት ይነገር፥ አልዋሹም። ቀጥ ብለው ቆመው አወጁ። «በአገራችን ሥዕል ክፉ የሆነ ሁሉ በጎኑ ይሣላል፥ ሁለተኛ ዓይንም ሁለተኛ ጎንም አይሰጠውም። የእርስዎን መርከብ የሣለው ሰው በጎኑ ሥሎታል። እኔ ያየሁትን ሠራሁ።» የእመቤት እህት እንዳለች ማሰሮዋን ለቀቀች፥ ሙጫው ወለሉ ላይ ፈሰሰ። እኔ ደግሞ አባታችን ሆይ ጀምሬ ከመካከሉ ጠፋብኝ። ሁላችን ዱጉማን አየን፤ የእኛ ነፍስ በዚያች ሰዓት በምላሱ ላይ ነበረችና።

ዱጉማ ጉሮሮውን ጠርጎ በጣሊያንኛ ተናገረ። ምን እንዳለ ኋላ ነው የነገረን። «ጌታዬ፥ የዚህ አገር ባለእጅ ታላቅ መርከብ ሲሠራ ጀርባውን ለጥ የሚያደርገው ከጦርነት በኋላ በጌታው ግድግዳ ላይ እንዲሰቀል ነው፤ ይህ የክብር ነው ይላል፤ ኮሎኔሉ ከተደሰቱም ቤቱ እንዳይፈርስ ቃል ገብተውለታል» ነበር ያለው። ኮሎኔሉ ይህን ሲሰማ ሣቁ እንደ ገና አገረሸበት። እንዲህም ሲል አዋጅ ነገረ። «እንግዲያውስ ሩጄሮ፥ የተሸነፈውን መርከብህን በግድግዳህ ላይ ስቀል፥ በመጣሁ ቁጥር ልየው! የዚህን ሰውዬ ቤት ደግሞ የነካህ እንደሆነ ጠብህ ከእኔ ጋር ነው!» ካፒታኖውም ተረከዙን አጋጨ፥ እሺ አለ።

በልደታ የሆነው ደስታ ሊነገር አይችልም። አለቃ ባዶ ሣንቃቸውን አስይዘው ሲመለሱ ሰው ሁሉ ወጥቶ ተቀበላቸው፤ ጣሊያንን በባሕር ላይ አሸነፍሁት አሉ፥ ማንም ዋሹ አላላቸውም፥ እኔም አብሬ አጨበጨብሁ። እመቤት ሠርካዲስ ግድግዳውን በገዛ እጃቸው አጠቡ፥ እንጀራና ወጥ ለሰፈሩ አቀረቡ፥ ለአለቃም የመጀመሪያውን ጉርሻ ሰጡ። ስለ ባሕሩ ሲያወሩ እንኳ አልተቆጧቸውም።

ከሳምንት በኋላ የካፒታኖው ሰዎች ገመዳቸውንና የኖራ ባልዲያቸውን ይዘው ተመለሱ። ገመዱ ከአለቃ ቤት ላይ በእርግጥ ዞር አለ፤ ዞሮም በእኔ ቤት ላይ አለፈ። ባለቤቴ ወለተሥላሴ በደጃፉ ቆማ እንዲህ አለች። «እኛ መርከብ አልሠራን፥ ባሕር አየሁ አላልን። ምን አድርገን ነው?» ዱጉማ ባርኔጣውን አውልቆ በእጁ ያዘ። ዶማው ግድግዳውን ሲመታ የታሪክ ጸሐፊ አያለቅስም ብዬ ነበር፤ አለቀስሁ። እስከ ምሳ ሰዓት ቤቴ መንገድ ሆነ።

አለቃ ከደጃቸው ወጥተው ግራና ቀኝ ተመለከቱ፤ የሚያልፈውንም ካሚዮን አይተው ቤቴ አውራ ጎዳና ላይ ወጣ ብለው አወጁ። ቀጥሎ እኔን ዕቃዬ ላይ ተቀምጬ ሳለሁ አዩኝ፥ አፋቸውም ተዘጋ። በልደታ ይህ ሲሆን የመጀመሪያው ነው። ያን ጊዜ እመቤት ሠርካዲስ ልጆቼን በሁለት እጃቸው ይዘው የመጨረሻውን አዋጅ አወጁ። «ከዛሬ ጀምሮ ወልደገብርኤልና ወለተሥላሴ ከነልጆቻቸው እዚህ ናቸው። አልጋው የእነሱ ነው፤ አለቃ መሬት ይተኛል። በዚህ ቤት ስለ መርከብ የሚያወራ ሰው እራቱን ውጭ ይበላል!» ይህም አዋጅ እስከ ዛሬ የጸና ነው። አለቃ ግን ሴቶቹ ገበያ በሄዱ ጊዜ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው ታሪካቸውን እንድጽፍላቸው ለመኑኝ፤ ያሳደረን ሰው እምቢ ማለት ነውር ነውና እሺ አልሁ።

እንግዲህ ክብርና ምስጋና ይሁን ለአለቃ ኃይለመለኮት፥ ባሕርን ሳያዩ በባሕር ለዘመቱ፥ ያለ አንዲት ጥይት የጄኖቫን ጦር ላሰጠሙ፥ ሽጉጥ ፊት ቆመው ላልዋሹ፥ ቀጥ ያለውን የሮማን መንገድ ላጎበጡ! ስማቸው ከልደታ እስከ አብነት ይነገር፥ ልጅ ለልጁ ያውራው። ይህን ሁሉ የጻፍሁት በእርሳቸው አልጋ ላይ ተቀምጬ፥ በመስኮታቸው በሚገባው ብርሃን ነው፤ ቀና ብዬ ባየሁ ቁጥር የጣሊያን ካሚዮን የሚያልፈው ልጆቼ ይተኙበት በነበረው ቦታ ላይ ነው።